ነገ ብቸና ይዘንባል ወይ?

ባለፈው ኅዳር ከመካከላችን የአንዱ አባት ከብቸና ገጠር በስልክ ደወሉለት። ሰላምታው እንዳለቀ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጤፉ ታጭዷል፤ ነዶው ግን ገና ማሳ ላይ ነው። ነገና ከነገ ወዲያ ይዘንባል ይላሉ ወይስ አይዘንብም? ደቦ ልጥራ ወይስ ይቆየኝ?» ልጁ ዩኒቨርሲቲ ከገባ 3ኛ ዓመቱ ነው። ስልክ በኪሱ፤ ኮምፒዩተር በክፍሉ አለው። ቢሆንም «ይቆዩኝ አባዬ፤ አይቼ እደውልልዎታለሁ» ብሎ ዘጋና ከእኛ ዘንድ መጣ።

አብረን ፈለግን። አንዱ የአየር ጠባይ ማሳያ የነገረን ስለ ብቸና ሳይሆን እኛ ስላለንበት ከተማ ነበር። ሁለተኛው የብቸናን ስም እርሱ በሚያውቀው የላቲን አጻጻፍ ካልጻፍንለት እንዲህ ያለ አገር አላውቅም አለን። ሦስተኛው መልሱን ከማስታወቂያ ሥር ደብቆት ቆየ። በመጨረሻ አገኘንና መልሰን ስንደውል መሽቶ ነበር። አባት የልጃቸውን መልስ ሲጠብቁ ስለ ዋሉ ጎረቤቶቻቸው ለሌላ ሰው ደቦ ቃል ገብተዋል። በ3ኛው ቀን ዝናቡ መጣ፤ ከነዶውም ከፊሉ ራሰ። አባት አልተቆጡም፤ «እናንተ ምን ታደርጉ፤ የሰማይ ነገር ነው» አሉ። እኛን ያሳፈረን ይኸው አለመቆጣታቸው ነው፤ ምክንያቱም የሰማዩ ነገር ቀድሞ ተጽፎ ተቀምጦ ሳለ ፈልጎ ማምጣት ያቃተን እኛ ነበርንና።

ከዚያ ወዲህ እኛ፥ ሁለት ከብቸና፥ አንድ ከሞጣ፥ አንድ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሆንን የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪዎች፥ አንድ ትንሽ ፕሮግራም መሥራት ጀመርን። ስሙን «ጠይቅ» አልነው። ስለዚህ ፕሮግራም የምንጽፈው ለመመካት አይደለም፤ ማንም የኮምፒዩተር ተማሪ ከእኛ የተሻለ ሊሠራ ይችላል። የምንጽፈው ከሥራው ያገኘነው ትምህርት ለመላው ተማሪ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። ኤፒአይ የሚባለውን ብዙዎቻችን በስም እንሰማዋለን። ወደ አገራችን ነገር ብንመልሰው የመዝገብ ቤት መስኮት ማለት ነው። ባለጉዳይ ወደ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ፋይል አያገላብጥም። በመስኮቱ በኩል በተወሰነው ፎርም ጥያቄውን ጽፎ ይሰጣል፤ ጸሐፊውም መልሱን በተወሰነ መልክ ጽፎ ይመልስለታል። ከውስጥ መደርደሪያው ቢለወጥ፥ ጸሐፊው ቢቀየር፥ ፎርሙ እስካልተለወጠ ድረስ ባለጉዳዩ አይቸገርም። የኮምፒዩተሩም መስኮት እንዲሁ ነው። ጥያቄው ተቀባይነት ሲያገኝ 200 የሚል ቁጥር ይመልሳል፤ የተጠየቀው ነገር ከሌለ 404፤ ጠያቂው ካበዛ 429፤ ከውስጥ ችግር ከተፈጠረ 500 ይላል። እኛም በመጀመሪያው ሳምንት ባለማወቅ አንዱን ጥያቄ ያለ ማቋረጥ ደጋግመን ስለ ላክን 429ን በደንብ ተዋውቀናል። መስኮት ላይ ተጋፍቶ ሌላውን ባለጉዳይ ማስቸገር ነውር መሆኑን የተማርነው ያን ጊዜ ነው።

የእኛ ፕሮግራም የሚጠይቀው ኦፕን ሜቴዮ የተባለውን መስኮት ነው። ይህ መስኮት የልዩ ልዩ አገሮች የሚቲዎሮሎጂ ድርጅቶች በትልልቅ ኮምፒዩተር ያሰሉትን ትንበያ ሰብስቦ ይሰጣል። ለንግድ ላልሆነ ሥራ፥ በቀን ከ10,000 ጥያቄ ለማያልፍ ሰው፥ ገንዘብም የመግቢያ ቁልፍም አይጠይቅም። ነገር ግን የከተማ ስም ሳይሆን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ብቸናን 10.45 ሰሜንና 38.20 ምሥራቅ፥ ሞጣን ደግሞ 11.08 ሰሜንና 37.87 ምሥራቅ ብለን መዘገብን። ከዚያ በኋላ ሰው በጥቁሩ የትእዛዝ መጻፊያ ላይ «ጠይቅ ዝናብ ብቸና 3» ብሎ ሲጽፍ ፕሮግራሙ ቁጥሩን ይፈልጋል፤ ጥያቄውን ይልካል፤ የመጣውን መልስ ይፈታል፤ የ3 ቀኑንም ዝናብ በ3 መስመር አማርኛ ይጽፋል። ሥዕል የለው፥ ማስታወቂያ የለው፤ ጥያቄ አንድ መስመር፥ መልስም እንደዚያው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «በዚህ ዘመን በጥቁር ገጽ ላይ ትእዛዝ መጻፍ ወደ ኋላ መመለስ አይደለም ወይ?» ብለው ሣቁብን። መልሳችን ይህ ነው። በ2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የተባለውን የገበሬዎች የስልክ መስመር ሲከፍት ገበሬው ያገኘው ምንድን ነው? ቁጥር መጫንና አጭር መልስ መስማት ነው። ሥዕል አልነበረውም፤ ነገር ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ ደውሎበታል። አጭር ጥያቄና አጭር መልስ በማናቸውም መንገድ ሊሄድ ይችላል፤ በስልክ ይነበባል፤ በወረቀት ይጻፋል፤ በጽሑፍ መልእክት ይላካል። በአማርኛ የሚጻፍ አንድ የስልክ መልእክት 70 ፊደል ብቻ እንደሚይዝ ልብ በሉ፤ በላቲን ሲሆን 160 ነው። ስለዚህ መልሳችን ሁልጊዜ ከ70 ፊደል እንዳያልፍ ደንብ አወጣን። «ብቸና፤ ኅዳር 15፦ ዝናብ 4 ሚ.ሜ.፤ ዕድሉ ከ100 60። የተጠየቀ፦ ኅዳር 13።» ይኸው ነው። አባት ይህን ያነባሉ፤ ካላነበቡም የጎረቤት ልጅ ያነብላቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የመጀመሪያው ፕሮግራማችን ለብቸና ብቻ የተሠራ ነበር። ሁሉም ነገር በአንድ ፋይል ውስጥ ተደባልቆ፥ «ብቸና» የሚለው ስም በ11 ቦታ ተጽፎበት ነበር። የሞጣው ጓደኛችን ሞጣን ለመጨመር ሲነካው ብቸና ተበላሸች። ብቸናን ስናስተካክል ሞጣ የብቸናን ዝናብ ማሳየት ጀመረች። ሁለቱ ከተሞች በአየር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ናቸው፤ ቢሆንም የአንዱ ዝናብ የሌላው አይደለም። ቀጥሎ ደግሞ አንዱ የእህል ዋጋ ይጨመር አለ፤ ሌላው ያለፉት ዓመታት ዝናብ ይጨመር አለ። በዚያው አካሄድ ብንቀጥል ኖሮ እያንዳንዱ ጭማሪ የቀድሞውን እያፈረሰ ፕሮግራሙ ከፈተና በፊት ይሞት ነበር።

መፍትሔውን ያገኘነው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ጊት ከሚባለው፥ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 ከጀመረው፥ የፕሮግራም ጸሐፊዎች መሣሪያ ነው። ጊት አዲስ ትእዛዝ የሚቀበልበት መንገድ እጅግ ቀላል ነው። ማንም ሰው ስሙ በ«ጊት» ጀምሮ ከሰረዝ በኋላ የትእዛዙን ስም የያዘ ፕሮግራም ጽፎ በተገቢው ቦታ ካስቀመጠ፥ ጊት ራሱ ፈልጎ እንደ ራሱ ትእዛዝ ያሠራዋል። የጊትን ባለቤቶች ማስፈቀድ፥ የጊትንም ልብ መክፈት አያስፈልግም። እኛም እንዲሁ አደረግን። «ጠይቅ-ዝናብ» አንድ ፋይል ነው፤ «ጠይቅ-ዋጋ» ሌላ ፋይል ነው። ዋናው «ጠይቅ» የሚያውቀው ጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ የቦታ መዝገቡን፥ ጥያቄ መላኪያውን፥ የመልሱን መልክ። የቀረው ሁሉ ከውጭ የሚጨመር ነው። አንዱ ጭማሪ ቢበላሽ እርሱ ብቻ ይወድቃል፤ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል።

ሁለተኛው መምህራችን የራሳችን አገር ቅኔ ቤት ነው። ከብቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ትምህርት ለዘመናት ሲሰጥ ኖሯል፤ ሐዲስ ዓለማየሁም ከዚያ ቅኔ የተማሩ ናቸው። የቅኔው ደንብ ምን ይላል? ጉባኤ ቃና 2 ቤት ነው። ልኩ የታወቀ ነው፤ ቤት መምታቱ የታወቀ ነው። ተማሪው ግን በየቀኑ አዲስ ይቀኛል። ደንቡ የተቀመጠው ማንም መጥቶ የራሱን እንዲጨምርበት ነው፤ ደንብ ባይኖር ሰሚው የአንዱን ከሌላው ሊመዝን አይችልም ነበር። እኛም ለጭማሪ ሁሉ አንድ ልክ ወሰንን። ማንኛውም ጭማሪ 4 ነገር መመለስ አለበት፤ ቦታ፥ ቀን፥ ዋጋ (ማለትም ቁጥሩ)፥ መረጃው የመጣበት ምንጭ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ «ጠይቅ» አይቀበለውም። ይህ ከተወሰነ ወዲህ ከታሪክ ትምህርት ክፍል የመጣ አንድ ጓደኛችን የእኛን ጽሑፍ አንዲት መስመር ሳይነካ «ጠይቅ-ታሪክ» የሚል ጨመረ፤ ከ1940 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ያለውን ዝናብ ይጠይቃል። ይህ ቁጥር በየቦታው በመለኪያ የተቀዳ ሳይሆን በኋላ በኮምፒዩተር የተሰላ መሆኑን በምንጩ መስመር ላይ እንዲጽፍ አስገደድነው፤ ደንባችን ጠቀመን።

እዚህ ላይ «የሥነ ጥበብ ተማሪ በኮምፒዩተር ሥራ ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ እንል ነበር። ሥራው ውስጥ ስንገባ ግን ያየነው ተቃራኒውን ነው። መረጃ ማምጣቱ ከ30 መስመር አይበልጥም፤ የፓይተን ቋንቋ ለዚህ የተመቸ ነው። ችግሩ ያለው ያ መረጃ ከደረሰ በኋላ ነው። መስኮቱ ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ይመልሳል፤ አባት የሚቆጥሩት ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመልስ በአንዳንድ ዓመት አንድ ቀን እንሳሳት ነበር። ምክንያቱን የነገሩን የኮምፒዩተር መጻሕፍት ሳይሆኑ የባሕረ ሐሳብ ዕውቀት ነው፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው በሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ሲሆን፥ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን በሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። መስኮቱ ካልተነገረው በቀር ቀንን የሚቆጥረው በግሪንዊች ሰዓት ስለ ሆነ፥ የእኛ «የቀን ዝናብ» ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግሥቱ ሌሊት 9 ሰዓት ይደመር ነበር። የሌሊት ዝናብ በተሳሳተ ቀን ሲመዘገብ ደቦ የሚጠራ ሰው ይሳሳታል።

የፊደሉም ነገር አለ። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «ጸሀይ»። አንዱ «ብቸና» ሌላው «ቢቸና»። ፊደላችን በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፥ ኮምፒዩተሩ ሀን ከሐና ከኀ፥ ሰን ከሠ፥ አን ከዐ፥ ጸን ከፀ ፈጽሞ ለይቶ ነው የሚያያቸው። አንባቢው አንድ የሚያደርገውን ፕሮግራሙም አንድ እንዲያደርገው የሚያስተምረው ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነው። ከሁሉ የከበደን ግን «ዕድሉ ከ100 60» የሚለው ነው። አንድ የሞጣ ሰው ሲያነቡት «ከ100 ገበሬ የ60ው ማሳ ይዘንብበታል ማለት ነው?» አሉን። ሌላው «ግማሽ ቀን ይዘንባል» ብለው ተረዱት። የዚህን ዓይነት ነገር ሰው በሚረዳው አማርኛ መጻፍ የቋንቋ ተማሪ ሥራ ካልሆነ የማን ሥራ ሊሆን ነው?

የሚቀርቡብን ተቃውሞዎች ከንቱ አይደሉም፤ በተራ እንመልከታቸው።

አንደኛው «ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?» የሚል ነው። እውነት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት መቋረጡን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከቤተሰቦቻችን ጋር ያለውን ችግር አይተነዋል። ስለዚህ «ጠይቅ» ያገኘውን የመጨረሻ መልስ ያስቀምጣል፤ መስኮቱ ሳይገኝ ሲቀር ያንን ያቀርባል። ነገር ግን የተጠየቀበትን ቀን ሳይጽፍ በፍጹም አያቀርብም። የ5 ቀን ትንበያን የዛሬ አስመስሎ ማቅረብ ዝም ከማለት ይከፋል። ዝም ያለ ሰው ቢያንስ አባትን ወደ ራሳቸው ልምድ ይመልሳቸዋል፤ የተሳሳተ ቁጥር ግን ልምዳቸውን ያስጥላቸዋል።

ሁለተኛው «ከባዕድ አገር መስኮት ላይ መንጠልጠል አይሆንም» የሚል ነው። ይህንን በግማሽ እንቀበላለን። ሞጣ ያደገ ሰው ሁሉ ሰባራ ድልድይን ያውቃል። በዐፄ ፋሲል ዘመን ጎጃምንና ጎንደርን በዓባይ ላይ ያገናኘው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከተሰበረ በኋላ፥ ሰው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖረ። በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከአሜሪካ የመጣ ድርጅት ከሕዝቡ ጋር ሆኖ ጠገነው፤ በ2005 ጎርፍ ጎዳው፤ በ2009 ደግሞ በአቅራቢያው የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ ተሠራ። ከዚህ የምንማረው የውጭ ሰው እጅ አይንካን ማለትን አይደለም። አንድ መሻገሪያ ብቻ ያለው አገር ያ አንዱ ሲሰበር ገመድ ላይ እንደሚቀር ነው። ስለዚህ ምንጩንም እንደ ጭማሪ አደረግነው። ዛሬ የምንጠይቀው መስኮት ነገ ቢዘጋ ወይም ገንዘብ ቢያስከፍል አንዲት ፋይል ለውጠን ሌላ መስኮት እንጠይቃለን። የአገራችን መሥሪያ ቤቶች የራሳቸውን መስኮት በከፈቱ ቀን ደግሞ ያን በመጀመሪያ ቦታ እናስቀምጠዋለን።

ሦስተኛው «ትንበያው ራሱ ለእያንዳንዱ ማሳ ልክ ነው ወይ?» የሚል ነው። አይደለም። የትንበያው መረብ አንዱ ዓይን ብዙ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ከጮቄ ተራራ፥ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ውርጭ፥ እስከ ዓባይ በረሃ ባለው አገር ደጋውና ቆላው ተጎራብተው ይኖራሉና፥ አንድ ቁጥር ለሁለቱ አይበቃም። ይህንን ማስተካከል የሚችለው የአገሩ ሰው ነው። ከሞጣ የሚጠይቀን ገበሬ «የነገራችሁኝ ዘንቧል፤ አልዘነበም» ብሎ ቢመልስልን፥ ያም አንድ ጭማሪ ሆኖ በመዝገብ ሊያዝ ይችላል። ከጥቂት ክረምት በኋላ መስኮቱ የት የት እንደሚሳሳት እናውቅ ነበር።

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ የምንለው ይህ ነው። በየዓመቱ በዚህ ግቢ ውስጥ ስንት የመመረቂያ ሥራ ይሠራል? ስንቱስ ለፈተና ከቀረበ በኋላ ተከፍቶ ያውቃል? የሞተበትን ምክንያት ብንመረምር በብዛት የምናገኘው የሠሪው ስንፍና አይደለም። ሥራው ለአንድ ሰው፥ ለአንድ ቀን፥ ለአንድ ውጤት ተብሎ ስለ ተዘጋ ነው። ተከታዩ ተማሪ ሊጨምርበት ቢፈልግ በር የለውም፤ ስለዚህ ከመሠረቱ ይጀምራል፤ የርሱም በተራው ይሞታል። ትንሽ ሆኖ በር ያለው ሥራ፥ ትልቅ ሆኖ በር ከሌለው ሥራ ይበልጣል።

ስለዚህ ማኅበራችንን የምንጠይቀው 2 ነገር ነው። አንደኛ፥ ተማሪዎች የሠሯቸው እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ከነደንባቸው በማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ላይ ለማንም ክፍት ሆነው ይቀመጡ፤ ተመራቂው ሲሄድ ሥራው አብሮት አይሂድ። ሁለተኛ፥ በክረምት ዕረፍት ወደየአውራጃችን ስንመለስ እያንዳንዳችን አንድ ጥያቄ ከቤታችን ይዘን እንምጣ። ከደብረ ማርቆስ፥ ከደጀን፥ ከወሎ፥ ከሐረር የመጣው ተማሪ የራሱ አገር ሰው ምን እንደሚጠይቅ ከእኛ ይበልጥ ያውቃል። ምናልባት ዝናብ አይደለም፤ ምናልባት የሰሊጥ ዋጋ ነው፤ ምናልባት የመድኃኒት መገኘት ነው። መልሱ በየትኛው መስኮት እንዳለ አብረን እንፈልጋለን፤ የሚጨመረውም በ4ቱ ነገር ብቻ ይለካል፤ ቦታ፥ ቀን፥ ዋጋ፥ ምንጭ።

ይህን በምንጽፍበት ጊዜ የብቸናው አባት እንደገና ደውለው ነበር። «የናንተ ወረቀት ነገ አይዘንብም ይላል፤ እኔ ግን ደመናውን አላመንኩትም» አሉ። ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው «እስቲ ሁለቱንም ጻፉት፤ ማን እንደሚረታ እናያለን» ሲሉ ጨመሩ። ጽፈነዋል። የሚጠይቅ አባት አለን፤ የሚመልስ መስኮት አለ፤ በመካከል የቆምነው እኛ ነንና ሁለተኛ ጊዜ እስኪመሽ አናስጠብቃቸው።